አመድ አፋሾች

እናቴ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ለኪራይ ልትሠራ ተነሳችና፣ አዳማ ካሉት ደላሎች ለአንዱ ደውዬ አንድ ቢያጆ ረድ አሽ እንዳዝላት ጠየቀችኝ። ስልኩን ይዤ ከሰውዬው ጋር በዋጋ ስንከራከር እሷ ከጎኔ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ስታፍተለትል ቆየችና፣ «ከየትኛው ካባ እንደሚያመጣው ጠይቅልኝ» አለች።

ጠየቅሁላት። ደላላው ሳቀ። በሥራ ዘመኑ ብዙ ነገር ተጠይቆ ያውቃል፤ ደረቅ ነው ወይስ የራሰ፣ ደቃቅ ነው ወይስ ጓል የበዛበት፣ መኪናው ሙሉ ነው ወይስ እንደ ልማዱ ጎደሎ። የድንጋዩን የትውልድ ቦታ የጠየቀው ግን አልነበረም። «ለእማማ ንገራቸው፣ ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ነገ ጠዋት ይደርሳል» ብሎ ዘጋው።

እናቴ ለምን እንደጠየቀች እኔ አውቃለሁ። ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖሩት ሴትዮም ያውቃሉ። የታዘዘው መኪና ገልብጦ የሚሄደው በእኛና በእሳቸው በር መካከል ካለችው ጠባብ መንገድ ላይ ነውና።

ቤት ሠርቶ ለማያውቅ አንባቢ ረድ አሽ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ስሙ ፈረንጅኛ ነው፤ ቀይ አመድ ማለት ነው። አመድ ግን አይደለም። ከመሬት ሆድ የወጣው የቀለጠ ድንጋይ፣ በውስጡ የታፈነው ጋዝ ድንገት እንደተከፈተ የቢራ ጠርሙስ ሲገነፍል ሽቅብ ይረጫል፤ አየር ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይደርቅና በወጣበት አፍ ዙሪያ እየወደቀ ይከመራል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ገና በትኩስነቱ ከአየር ጋር ሲገናኝ ይዝግና ያቀላዋል፤ ያልዛገው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በእጅ ሲያነሱት ይቀላል፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ወንድሙ ፑሚስ ደግሞ ነጣ ያለ ነው፤ ከመቅለሉ የተነሳ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የአዳማና የሞጆ ብሎኬት አምራቾች ሁለቱንም ከሲሚንቶ ጋር እያቦኩ በቅርጽ ይመታሉ። ፑሚስ ከዚያም አልፎ ሲሚንቶ ፋብሪካ ይገባል፤ ከሌላው ጋር አብሮ ተፈጭቶ ፖዞላና የሚባለው ሲሚንቶ ይወጣዋል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት ቤት በከፊል እሳተ ገሞራ ነው ማለት ነው።

ከቢሾፍቱ ወጥታችሁ ሞጆን አልፋችሁ አዳማ እስክትገቡ፣ ከዚያም በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ ወይም በቆቃ በኩል ወደ መቂና ባቱ ስትወርዱ፣ ግራና ቀኝ እንደ ተደፋ እንቅብ የተቀመጡ ጉብታዎች ታያላችሁ። የረድ አሽ ጎተራዎች እነሱ ናቸው። ጂኦሎጂስቶች የስምጥ ሸለቆውን ወለል እየሰነጠቀ የሚሄደውን መስመር በእኛው ጎረቤት ስም የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ብለውታል። ምድሩ ገና አልበረደም። በከተማችን አፍንጫ ሥር ቦኩ ላይ ዛሬም ከመሬት እንፋሎት ይወጣል፤ ቁርጥማት ያለበት ሄዶ ይታጠንበታል። ልጅ ሳለን እነዚህ ጉብታዎች ለእኛ የእግዜር ሥራ እንጂ የግንባታ ዕቃ አልነበሩም።

አሁን ግን ሙሉ የሆነው ጥቂት ነው። አንዳንዱ እንደ ተገመጠ ዳቦ ጎኑ ጎድሏል፤ አንዳንዱ ከፊት ሲያዩት ጉብታ፣ ዞረው ሲያዩት ባዶ ቅርፊት ነው። ጨርሶ የጠፋም አለ። ለምን እንደሚበላ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከቢሾፍቱ እስከ ሞጆ ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ጤፉን የሚያበቅለው አፈር ለመንገድ ግን ጠላት ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውም አብሮት ሲነሳና ሲወድቅ ከርሞ ይፈነዳል። ስለዚህ አፈሩ ተዝቆ ይወጣና በቦታው የማያብጥ፣ ውሃ የማይይዝ ነገር ይሞላል። እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ መንገዱ ዳር ተከምሮ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዝ የትራንስፖርትና የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ከእኛው የመንገድ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ይህን ድንጋይ አጥንቶታል። ብቻውን ሲነጠፍ ደቃቅ ስለሚያንሰው አይያያዝም፤ መኪና ይበትነዋል፣ እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ ይሸበሸባል። ጥቂት ደቃቅ አፈር ሲቀላቀልበት ግን ይይዛል። ሮለር ሲረግጠውም ጓሉ እየደቀቀ የጎደለውን ደቃቅ ራሱ ያወጣል። ሰዎቹ ይህን ሲጽፉ ትልቅ ጥቅም እንደሚሰጥ አውቀው ነው፤ ትክክልም ነበሩ። ጉብታው ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ግን የእነሱ ጥያቄ አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት አሥራ ሰባት ዓመታችን ነበር። የፊት ለፊት ጎረቤታችን ልጅና እኔ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ካባ ጫኝ ሆነን ገባን። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ እናቱ ይህን መጽሔት ባያነቡ የሚያነብላቸው አይጠፋም። ያኔ ሎደር የሚባል ነገር እንደዛሬው በየካባው አልነበረም። መኪናው ይመጣል፣ ስድስት ሆነን በአካፋ እንሞላዋለን፣ ሂሳቡን እንካፈላለን። እሱ ከእኔ ይበረታ ነበር። እኔ በየአሥር አካፋው ላብ ለመጥረግ ስቆም እሱ «ጋዜጠኛው ደከመው!» እያለ ያስቅብኛል። (ያኔም ጋዜጠኛ ልሁን ስል ሰምቶኛል። ዲፕሎማውን ሳገኝ ሊያሾፍብኝ አልነበረም።)

የካባ ሥራ ዘዴው አንድ ነው። ጉብታውን ከላይ ወደ ታች መናድ ልፋት ነው፤ ጊዜም ይፈጃል። ከሥሩ ሲፈለፍሉት ግን የላዩ በራሱ ይወርዳል። ረድ አሽ ደግሞ ያታልላል። ጥርስ በጥርስ ተያይዞ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሦስት ሰው ተደራርቦ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ሆኖ ሳምንት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ይከርማል። ሰውም ከሥሩ ምሳውን ይበላል። ዝናብ ሲገባው ነው የሚለየው።

ያን ዕለት እኔ አልነበርሁም። አባቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ፣ ቦይለር ቤት ይሠራ ነበር፤ አንድ ዕቃ እንዳግዘው ጠርቶኝ ጠዋት በሰርቪሱ አብሬው ሄጄ ነበር። ማታ ስንመለስ ሰፈሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነበር። ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ የካባው ግንብ ከወገቡ ተቆርጦ ወርዶ ነበር። ሁለቱ ዘለው አመለጡ። እሱን በአካፋ ማውጣት ፈርተው በእጃቸው ቆፈሩት፤ አካፋው እንዳያገኘው። ረድ አሽ ቀላል ነው ብያለሁ። አንድ አካፋ ቀላል ነው።

ካባው ሦስት ቀን ተዘጋ። በአራተኛው ቀን መኪና ቆሞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ማን እንደነበረ፣ በማን ፈቃድ ይቆፈር እንደነበረ የማውቀውም የማላውቀውም አለ፤ ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልገኝም። እኔም ወደዚያ አልተመለስሁም። እናቴ በዚያው ዓመት መልሰን የጀመርነውን የአጥር ሥራ አስቆመችው። ለዓመታት ግቢያችን ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ሆኖ የኖረው ገንዘብ ጠፍቶ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ረስቼው ነበር ብል ውሸት ነው፤ እንደማንኛውም ሰው ግን ከኪሴ በታች አስቀምጬው ነበር። የቀሰቀሰብኝ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እንደኔ በየመጽሔቱ እየዞረ የሚጽፍ ሰው በትርጉም ሥራ ካልደጎመ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት የሥልጠና ጽሑፍ እንድተረጉምለት ሰጠኝ። (ክፍያው እስከ ዛሬ «በሂደት ላይ ነው»።) ጉዳዩ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ጥራጊን ለመንገድና ለግድብ ሥራ መጠቀም የሚል ነበር። የመጀመሪያዎቹን ገጾች እያዛጋሁ ጀመርሁ፤ ከዚያ እንቅልፌ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ብቻውን አይወጣም። ከሥሩና ከላዩ ያለው ድንጋይ አብሮት ይወጣል፤ ከሰሉ ሲታጠብም ሌላ ጥራጊ ይቀራል። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የቤልጅግ፣ የፖላንድ የከሰል አውራጃዎች መቶና ከዚያ በላይ ዓመት ሲቆፍሩ ይህን ጥራጊ ከመንደሮቻቸው ጎን ከመሩት። ሜዳ የነበረው አገር ተራራ በተራራ ሆነ። ክምሩ ውስጥ የቀረው ከሰል አየር ሲያገኝ ከውስጥ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ለአሥርት ዓመታት ይጤሳል። ተቃጥሎ ያለቀው ድንጋይ ደግሞ ይቀላል፣ ይጠነክራል፣ ይሰባበራል። ቀለሙን የሚሰጠው ያው ብረት ነው። ስኮትላንዶች ይህንን ቀይ ድንጋይ ፈጭተው የእግር ኳስ ሜዳ ላይ ያነጥፉት ነበር፤ ስሙንም ረድ አሽ ይሉታል። እዚህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀመጥሁ። የእኛም ሰፈር ሜዳ ረድ አሽ ነበር። ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ግላስጎው ካደጉት ልጆች ጉልበት ጋር ወንድማማች ነው።

እነሱ ያንን ክምር ምን አደረጉት? መጀመሪያ ምንም አላደረጉትም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ዌልስ ውስጥ አበርፋን በምትባል መንደር፣ ከምንጭ በላይ የተከመረ የከሰል ጥራጊ በዝናብ ርሶ ተንሸራተተና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ዋጠው። 144 ሰው ሞተ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ገና ትምህርት መጀመራቸው ነበር። ይህን አንቀጽ ወደ አማርኛ ስመልስ ያየሁት ዌልስን አልነበረም። የአዲስ አበባ ሰውም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የሆነውን ያስታውሳል፤ ከ110 በላይ ሰው በቆሻሻ ክምር ሥር ቀረ።

ከአበርፋን በኋላ ክምሮችን ማንሳት፣ መደልደል፣ ለሥራ ማዋል የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የእንግሊዝ አውራ ጎዳናዎች ከከሰል አውራጃዎች ሲያልፉ መደላድላቸው የከሰል ጥራጊ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ጥራጊው በስሱ እየተነጠፈ በሮለር ይጠቀጠቃል፤ አየር ካልገባ አይቃጠልምና። ሰልፌት ስላለው ከኮንክሪት ጋር አያጎራብቱትም፤ ኮንክሪቱን ይበላዋል። በየጊዜው እየተመረመረ ነው የሚገባው። ሰሜን ፈረንሳይም ብዙ ክምር ለመንገድና ለባቡር መደላድል ተዝቆ አልቋል። ከተረፉት ደግሞ 51 የሚሆኑት ጥራጊ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2012 ከማዕድኑ አውራጃ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገቡ። ዛሬ ሣር በቅሎባቸው ሰው በእሑድ ሊናፈስ ይወጣባቸዋል።

እስቲ አስቡት። ፈረንሳዮች በአካፋ የሠሩትን የጥራጊ ተራራ ቅርስ ብለው ያስቀምጣሉ። እኛ እግዜር የሠራውን ተራራ እንደ ጥራጊ ጭነን እንጨርሳለን። የተቃጠለው ጥራጊያቸውና የእኛው ድንጋይ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ለመንገድ የሚመቹ። ልዩነቱ የእነሱ ሲነሳ መሬቱ ከሸክም ይገላገላል፤ የእኛ ሲነሳ ጉድጓድ ይቀራል።

ታዲያ ጉብታ አትንኩ ልል አይደለም። እናቴ ክፍሏን ትሥራ፤ የኪራዩ ገንዘብ የእርጅናዋ ጡረታ ነው። እኔን የቆረቆረኝ ዋጋው ነው። አንድ ቢያጆ ረድ አሽ ስንገዛ የምንከፍለው ምንድን ነው? ናፍጣ፣ ሾፌር፣ ሎደር፣ ጫኝ፣ ደላላ፣ ለወረዳው የሚገባው ትንሽ ነገር። የጉብታው ዋጋ ግን የለበትም። እሱ ነፃ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 678 ለግንባታ ማዕድናት ፈቃድ መስጠትን ለክልሎች ትቷል፤ የተቆፈረውን መሬት መልሶ ማቋቋምም በወረቀቱ ላይ አለ። በዓይኔ ያየኋቸው ካባዎች ግን ሲያልቁ የሚቀሩት ገደልና የክረምት ኩሬ ናቸው፤ ከብት ይገባባቸዋል፣ ልጅ ይዋኝባቸዋል። ተራራው በነፃ እስከተገኘ ድረስ ደግሞ ማንም ሌላ ነገር አይፈልግም።

ሌላ ነገር የለም እንዳይባል አለ። በአሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ወንጂ አለ። ከሆላንዶቹ ኤች.ቪ.ኤ. ዘመን ጀምሮ፣ ከ1946 ዓ.ም. አንስቶ፣ እዚያ አገዳ ይጨመቃል። ከተጨመቀው የሚቀረው ገለባ ባጋስ ይባላል፤ ቦይለር ገብቶ ይነድና ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ባጋስ ከነደደ በኋላ አመድ ይቀራል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የአመዱ ክምር ከሰው ቁመት ይበልጣል።

አባቴ የዚህ አመድ ሰው ነበር። ያን ዕለት የጠራኝም ለእሱ ነው፤ ሁለት ጆንያ አመድ በሰርቪሱ ጭኖ ሊያመጣ ፈልጎ ብቻውን አልቻለም። ሲሚንቶ የጠፋበት ጊዜ ነበርና የወጥ ቤቱን ወለል ሲያስደፋ የሲሚንቶውን ከፊል በአመድ ሊተካ አስቧል። ማን እንደነገረው አላውቅም። እናቴ ሳቀችበት፤ ግንበኛውም «ጋሼ፣ አመድ ቤት ያፈርሳል እንጂ አይሠራም» አለው። አባቴ ግን ግትር ስለነበር ግማሹን በሲሚንቶ ብቻ፣ ግማሹን በአመድ ቅልቅል አስደፋው። ጓደኛዬ በሞተ በሁለተኛው ሳምንት መሆኑ ነው፤ ሰው ሐዘን ላይ ሆኖ እጁን የሚያሳርፍበት ሥራ ሲፈልግ እንዲህ ያደርጋል።

ወለሉ ዛሬም አለ። ሐቁን ለመናገር የአመዱ በኩል ወደ በሩ ተሰንጥቋል፤ ወደ ምድጃው ያለው ግን ከሌላው አይለይም። አባቴ ካረፈ ከዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ የድኅረ ምረቃ ጥናት እጄ ገባ፤ የወንጂን የባጋስ አመድ የፈተሸ። አመዱ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከሲሚንቶው ኖራ ጋር ተገናኝቶ ይጠነክራል። በመጠኑ ከሆነ፣ ከሲሚንቶው አንድ አሥረኛ ያህሉን ቢተካ ኮንክሪቱ ጥንካሬው አይጎዳም። ከዚያ ሲበዛ ይደክማል። በደንብ ያልነደደ፣ ጥቁር ከሰል የቀረበት አመድ ደግሞ ሥራውን ያበላሻል። አባቴ ሳይመዝን በጆንያ ነበርና የሠራው በግማሹ ቢሳካለትና በግማሹ ቢሰነጠቅበት አይገርምም። ጥናቱን ለእናቴ ሳነብላት ሄዳ ወለሉን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው፤ «እንዲህ የሚባል ነገር ነበረ እንዴ?» አለች። ተናድዳ ነበር። በማን ላይ እንደሆነ አልነገረችኝም።

የከሰል ጥራጊስ ለእኛ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው ወይ? አይደለም፤ እየመጣ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ቀድሞ ያነዱ የነበረውን ከባድ ነዳጅ በከሰል ከተኩ ቆይተዋል። ከሰሉ ለብዙ ዓመት ከደቡብ አፍሪካ ሲገዛ ኖሮ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአገር ውስጡ እየተካው ነው፤ ከዳውሮ፣ ከጅማ አካባቢ። ያዩም አለ። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሳያልቅ ቢቀርም ከሰሉ ከጫካ ቡናው ሥር እንዳለ ነው። የእኛ ከሰል አመድና ድንጋይ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ማጠቢያ ፋብሪካ ይተከልለታል። እቶን ውስጥ የሚገባው ከሰል አመዱን ለክሊንከሩ ሰጥቶ አብሮ ሲሚንቶ ይሆናል፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ታጥቦ የሚጣለው ጥራጊ ግን የሆነ ቦታ ይከመራል። የምዕራቡና የደቡቡ ተራራ ደግሞ ቁልቁለትና ዝናብ አያጣም። ክምሩ ገና ትንሽ ሳለ የት ይቀመጥ፣ ለየትኛው መንገድ ይዋል ብሎ የሚጠይቅ መሐንዲስ አሁን ካልተመደበለት ሌሎቹ የተማሩበትን ዋጋ እኛም ደግመን እንከፍላለን። ትርጉሙን ላሠራኝ ድርጅት ይህን ብናገር «አንተ ተርጓሚ ነህ» ይለኛል። እዚህ ግን ጸሐፊ ነኝ።

ወደ መኪናው ልመለስ። በማግስቱ ጠዋት ደላላው ሲኖትራኩን ላከው። የእናቴ ጥያቄ መልስ ስላላገኘ ሾፌሩን ለምኜ ገቢና ገባሁና አብሬው ወደ ካባው ሄድሁ። ልጅ ነው፤ ከሃያ አምስት አይበልጥም። በወለንጪቲ መንገድ ወጥተን ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ልቤ ይመታ ነበር። ጉብታው ግን ሌላ ነበር፤ አላውቀውም። ሎደሩ ከሥር እየበላ፣ ከላይ ያለው በራሱ ይወርዳል። ዘዴው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሥር የሚቆመው ብረት መሆኑ ነው። ከብረቱ ትንሽ ራቅ ብለው ግን አካፋ የያዙ ሦስት ልጆች የወደቀውን ጓል ይለቅማሉ። ጥግ ላይ አይቁሙ ብዬ ጮህሁ። አንደኛው ዞሮ አየኝ፤ ጆሮው ውስጥ የሙዚቃ ማዳመጫ ነበረው።

ስንመለስ ያኛውን ካባ ለሾፌሩ በምልክት ነገርሁት። አካባቢውን ያውቀዋል፤ እዚያ ሲጭን ያደገው ታላቅ ወንድሙ ነው። «እሱማ አልቋል» አለኝ። «መቼ?» አልሁት። «ኧረ ስንት ዓመቱ፤ ሜዳ ነው አሁን። ቤት ተሠርቶበታል።» ጉብታው የት ሄደ ብዬ ጠየቅሁት። የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ እያወቅሁ። መሪውን እንደያዘ በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ፤ ወደ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ወደሚታዩት የብሎኬት አጥሮች፣ ወደ ከተማው።

ለእናቴ «ከዚያ አይደለም» አልኋት። «ታዲያ ያኛውስ?» አለች። «አልቋል።» ሌላ አልጠየቀችም። መኪናው በሩን ማለፍ አልቻለምና እንደፈራነው መንገዱ ላይ ገለበጠው። አቧራው ሲሰክን ቀዩ ክምር በሁለቱ በሮች መካከል ቆመ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሰፈሩ ሕፃናት ሁሉ ጫፉ ላይ ነበሩ። እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ፣ እየቆፈሩ ይወጣሉ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቀው እናቴ «ውረዱ! ውረዱ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ ደንግጠው ተበተኑ።

የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ክምሩን አዩት። እናቴ የምትለው ጠፍቷት «ውስጥ አልገባልን ብሎ ነው፤ ዛሬውኑ እናስገባዋለን» አለች። እሳቸው መልስ አልሰጧትም። ለእኔ ግን «አንተ ልጅ፣ ሁለት ሦስት አካፋ ከደጄ ብታደርግልኝ፤ ጭቃው ሊጥለኝ ነው» አሉኝ።

አካፋውን ይዤ በሩ ላይ አፈሰስሁላቸው፤ በጀርባው ደለደልሁት። በላዩ ላይ ቆሙና በጫማቸው ጠቀጠቁት፤ ተንኮሻኮሸ። «እዚህ ጋ ጎድሏል፤ ትንሽ ጨምርበት» አሉኝ።